በሰባ ሁለት የተሞላው ወረቀት

ሥራ ቦታ ቱፌ ይሏታል። ቱፌ ያሰኛት ምራቋ ነው። የዓሣ ሆድ ስትቀድ ቱፍ፤ አንጀቱን ስትጎትት ቱፍ፤ አለቃው የተወለወለ ጫማው እንዳይነካበት በፍሳሹ ላይ እየዘለለ ሲመጣ ደግሞ ዞር ብላ ቱፍ። ሃያ ስድስት ዓመት ዓሣ ስትገፍፍ ኖራለች፤ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ አልለመደችውም። ሌሎቹ ሴቶች ለምደውታል። ቢላዋቸውን በሽርጣቸው ጠርገው ዳቦ ይቆርጡበታል። እሷ ያንን ባየች ቁጥር ዳቦዋን ወደ ከረጢቷ ትመልሳለች።

አዳራሹ ረጅም ነው። መሃል ለመሃል የሲሚንቶ ገበታ አለ፤ ከገበታው ሥር ቦይ አለ፤ በቦዩ ደም የተቀላቀለበት ውሃ ቀኑን ሙሉ ይሄዳል። ቅርፊት የሌለበት ቦታ የለም። በግድግዳው ላይ አለ፣ በበሩ እጀታ ላይ አለ፣ በሴቶቹ ቅንድብ ላይ አለ። በረዶው በአካፋ ይመጣና ዓሣው ላይ ይደፋል፤ ዓሣው ላይ የተደፋው እጅም ላይ ተደፋ ማለት ነው። ጓንት ይሰጧቸዋል። ግን ጓንት አድርጎ አጥንት የሚለቅም የለም፤ ቀጭን አጥንት የሚገኘው በባዶ ጣት ነው።

ድሮ፣ ገና ወጣት ሳለች፣ ጣቷን በዓሣው ጎን ላይ አንሸራትታ የፀጉር ያህል የቀጠነ አጥንት ታገኝ ነበር። ከዓመት ዓመት በረዶው ጣቶቿን በላቸው። መጀመሪያ ጠዋት ጠዋት ብቻ ይደነዝዙ ነበር፤ ኋላ ከሰዓትም፤ ኋላ ቤት ገብታ በሙቅ ውሃ ብትነክራቸውም አልመለስ አሉ። አንድ ቀን ምድጃ ላይ ጣቷ ሲቃጠል ያወቀችው ሲሸታት ነው።

ይህንን ለማንም አልተናገረችም። ጣቴ ደነዘዘ ያለች ሴት የት እንደምትላክ ታውቃለቻ! የአንጀት ጋሪ ላይ ነው። ጋሪው ከአዳራሹ ጀርባ ይቆማል። ሁለት ቀን ያደረ አንጀት፣ ጭንቅላት፣ ክንፍ፣ ከላዩ የዝንብ ደመና፣ ከሥሩ ትል። ወደ ጋሪው ሄዳ ወደ ገበታው የተመለሰች ሴት አልታየችም። ስለዚህ ቱፌ በቢላዋዋ ትሠራለች። ቢላዋው አጥንት ሲነካ እጀታው እስከ ክርኗ ድረስ ይነግራታል። አለቃው ሲያልፍ ግን ጣቷን ዓሣው ላይ ታስኬዳለች፣ የሚሰማት ለመምሰል። ለምዳዋለች፤ የለመደችው ነገር ቢኖር መደበቅ ነው።

ቤት ደግሞ ባሏ አለ።

ባሏ ፀጉር አስተካካይ ነበር። ንጹሕ ሰው ነው፤ ንጽሕናው ግን ሰው የሚያሳቅቅ ንጽሕና ነው። ደምበኛ በሸኘ ቁጥር እጁን ይታጠባል፣ ኮሎኝ ይቀባል፣ ማበጠሪያውን በብርሃን ፊት አንስቶ ያያል። ሱሪው የተተኮሰበት መስመር ሽንኩርት ይቆርጣል። ከጎኑ ሌላ ሁለት ወጣቶች መስታወታም ቤት ከፍተው ደምበኞቹን ሲወስዱበት፣ ቱፌ ዓሣ ሥራ ገባች። ከዚያ ወዲህ ቤቱን ያቆመው ዓሣው ነው። እሱም ዓሣው ያመጣውን ዳቦ እየበላ አፍንጫውን ይይዛል።

"በሩ ላይ አውልቂው ያልኩሽ ልብሱን ነው ወይስ ሌላ ነገር?" ይላታል።

"ቆዳዬንም ላውልቅልህ?"

"ብትችዪ ደስ ይለኛል።"

የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት ትራሱን አንስቶ ወደ ሌላው ክፍል ሄደ። "ትራሱ ዓሣ ዓሣ አለኝ" ብሎ ነው። መጀመሪያ ሳቀችበት። ቀጥሎ አለቀሰች። ከዚያ ልቅሶውም ቆመና ቦታውን መጸየፍ ያዘው። እሱ እሷን በጠረኗ ሲጸየፋት፣ እሷም እሱን በሁሉ ነገሩ ትጸየፈው ጀመር። ሻይ ሲጠጣ የሚያሰማው ፉት ፉት ያቅለሸልሻታል። ጥፍሩን ቆርጦ በጋዜጣ ላይ ሲደረድረው ያቅለሸልሻታል። አንዲት ልጅ አለቻቸው፤ አግብታ ሩቅ ነው ያለችው። በስልክ "ደህና ናችሁ?" ስትል ሁለቱም በየተራ "ደህና ነን" ይሏታል።

ባለፈው ዓመት ባልየው የአንድ ሰው ጢም እየላጨ ሳለ ምላጩ ከእጁ ወደቀ። ግማሽ ጢሙ አረፋ የሆነው ደምበኛ አንገቱ ላይ ፎጣ እንዳሰረ አቅፎት ነው ሐኪም ቤት ያደረሰው። የልቡ ጡንቻ ተጎድቷል አሉ። ደግሞም ያለ ቅጥ ይሮጣል፣ መገታት አለበት አሉ። የልብ ምት የሚያበርድ ኪኒን ታዘዘለት፤ ሜቶፕሮሎል ይባላል። ትንሿን ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ። ከዚያ በየጊዜው ቀስ እያለ ይጨመራል ተባለ።

ኪኒኑን አሰጣጥ ያስተማረቻት በሰፈሩ ጤና ጣቢያ ያለችው ሲስተር ናት። ወጣት ናት፣ ንግግሯ ፈጣን ነው።

"እናቴ፣ አንቺ ነሽ የምትሰጪው አይደል? ጥሩ። አባባ እንደሆኑ ሰበብ ያበዛሉ" አለች ሲስተር።

"እኔ መች ሰበብ አበዛሁ?" አለ ባልየው።

"ይኸው ጀመሩ። ስሚኝ እናቴ። ከመስጠትሽ በፊት የእጃቸውን አንጓ ትይዢና ትርታውን ትቆጥሪያለሽ። አንድ ደቂቃ ሙሉ፣ ሰዓት እያየሽ። ለእሳቸው ሐኪሙ ያስቀመጠው ሃምሳ አምስት ነው። ከዚያ በታች ከሆነ ኪኒኑን አትሰጪም፣ ወደኛ ይዘሽ ትመጪያለሽ። ራሳቸውን ካዞራቸው፣ ከወደቁም እንደዚሁ። ረስተሽ ካለፈሽ ደግሞ ለማካካስ ብለሽ ሁለት አትስጪ። ተሻላቸው ብለሽም በራስሽ አታቋርጪ፤ በድንገት ከተቋረጠ ልብ እንደ ፈረስ ነው የሚነሣው። ገባሽ?"

"ገባኝ።"

"በይ ያዢና ቁጠሪ።"

ቱፌ የባሏን እጅ ያዘች። ለብዙ ጊዜ ነክታው አታውቅም ነበር። አንጓው ላይ ሁለት ጣቷን አስቀመጠች። ምንም የለም። ጫን አለች። ምንም። ጠረጴዛ የያዘች ይመስል ነበር። ባሏ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ ትንፋሹን ይዟል፣ እንዳትሸተው። ሲስተር በሌላኛው እጁ በኩል ይዛ ሰዓቷን እያየች ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች።

"ሰባ ሁለት አገኘሁ። አንቺስ?" አለች ሲስተር።

ቱፌ ጣቷን ከአንጓው አላነሣችም። የደነዘዘች ሴት የት እንደምትላክ ታውቃለች። እዚህ የሚልካት አለቃ የለም፣ ጋሪም የለም፤ ግን ምላስ የለመደውን ነው የሚናገረው።

"እኔም ሰባ ሁለት" አለች።

"ጎበዝ! አየሽ፣ ቀላል ነው" አለችና ሲስተር በካሬ የተከፋፈለ ወረቀት ሰጠቻት። "በየቀኑ ቁጥሩን እዚህ ትሞያለሽ።"

ቱፌ ንባብ የላትም ማለት ይቻላል፤ ቁጥር ግን ትጽፋለች፣ የሣጥኖቹን ክብደት ሰሌዳ ላይ የምትጽፈው እሷ ስለሆነች። በማግስቱ ጠዋት የባሏን አንጓ ያዘች፣ የግድግዳውን ሰዓት አንድ ዙር አየች፣ ምንም አልሰማችም። ወረቀቱ ላይ ሰባ ሁለት ጻፈች። በሦስተኛው ቀንም ሰባ ሁለት። እየዋለ ሲያድር አንጓውን መያዙንም ተወችው። ለምን ትያዘው? እሱ ይሸማቀቃል፣ እሷን ይቀፋታል፣ የሚሰማ ነገር የለም። በወሩ መጨረሻ ሲስተር ራሷ ስትቆጥር ስድሳ ስምንት ሆነ። "ግሩም ነው!" ብላ የተሞላውን ሳትዘረጋው አዲስ ወረቀት ሰጠቻት። ማን ይጠረጥራል?

ከጥቂት ወራት በኋላ ሐኪሙ ኪኒኑን ለወጠው። ትንንሾቹ ቀርተው በቀን አንዴ፣ ጠዋት ብቻ የሚዋጥ ትልቅ ሆነ። ፋርማሲስቱ በመስኮቱ ቀዳዳ ጮኾ ነገራት፦ "ሙሉውን ነው የሚውጡት! አይታኘክ፣ አይፈጭ!" ከኋላዋ ሰልፍ ነበር፤ አንዱ ሰውዬ በክርኑ እየገፋት፣ አንዷ ሴት ጀርባዋ ላይ እያስነጠሰች። "እሺ እሺ" ብላ ወጣች። ቃሉን ሰምታዋለች፤ ከጆሮዋ ግን አላለፈም።

ትልቁን ኪኒን ባሏ አልውጥ አለ። በምላሱ ጫፍ ይዞት ያንቋርራል፣ ዓይኑ ያለቅሳል፣ መልሶ በመዳፉ ላይ ይተፋዋል። የተተፋው ኪኒን ዝልግልግ ብሎ፣ ግማሹ ሟሙቶ።

"ዓሣ ዓሣ ይላል" አለ።

"ኪኒን ነው እኮ ሰውዬ!"

"በእጅሽ ነው የነካሽው።"

በማንኪያ ሰጠችው፤ ማንኪያውም ሸተተው። በወረቀት ሰጠችው፤ ጉሮሮው ተዘጋ። በየቀኑ ጠዋት ወደ ሥራ የምትሮጥበት ሰዓት ላይ ቆማ ጎልማሳ ሰው ሲያቅለሸልሸው ማየት! የገበታው ጓደኛዋ፣ አፏ ስለማይዘጋ ሬዲዮ የሚሏት ሴት፣ ይህንን ስትሰማ ከት ብላ ሳቀች።

"ውይ አንቺ፣ ይሄ ምን ያስጨንቃል? ጨፍልቂው! በሁለት ማንኪያ መሃል አድርገሽ ድቅቅ፣ ማር ጣል፣ አፉን ከፈት። የኔ አማት እንደዚያ አይደል እንዴ የሚውጡት።"

"ያንቺ አማት ምን ኪኒን ነው የሚውጡት?"

"እኔ እንጃ፣ ቢጫ ነው።"

ቱፌ በማግስቱ ጨፈለቀችው። ከላይ ማር አደረገችበት። ባሏ እንደ ሕፃን ላሰው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ሰላም ሆነ። እሷም ወረቀቱ ላይ ሰባ ሁለቷን ጽፋ ትሮጣለች።

ሰላሙ ግን እንግዳ ሰላም ነበር። ከሰዓት ስትመለስ ባሏ ተኝቶ ታገኘዋለች። ኮሎኝ መቀባት ተወ። ፀጉሩን ማበጠር ተወ። አንድ ቀን "መጸዳጃ ቤት ወደቅኩ" አላት።

"ለምን ወደቅክ?"

"ዓይኔ ጨለመብኝ።"

የወደቀበትን አጠበች። ምን እንዳጠበች መናገር አያስፈልግም። ያ በጋዜጣ ላይ ጥፍር የሚደረድር ሰውዬ! እያጠበች ቱፍ አለች፣ ልቧ ውስጥም የሆነ መጥፎ ደስታ ነበራት፣ አሁን ማን ነው የሚሸተው የሚል። ስታነሣው እጁ እንደ ዓሣ ቀዝቅዞ የነበረ ይሆናል፤ እሷ ግን በምን ታውቃለች? በዚያች ጣት በረዶና እሳት አንድ ነው። ሲስተር ከወደቁ አምጪያቸው ያለቻት ትዝ አላት። ትዝ ብሏትም አልወሰደችውም። እረፍት መጠየቅ አለ፣ አለቃው አለ፣ ሰልፍ አለ። "ሰንፎ ነው፣ ቀኑን ሙሉ ተኝቶ ማን የማይዞርበት አለ" ብላ ተወችው።

በጨፈለቀች በዘጠነኛው ቀን እረፍቷ ነበር። ጠዋት እንደ ልማዷ ማንኪያውን ሰጠችው። በዚያ ቀን ግን ባሏ አፉን እንደያዘ ቆየና ፎጣው ላይ ትፍ አለ። ቢጫ፣ የሚጎተት፣ ከአክታ ጋር የተለወሰ ማር። ቱፌ ፎጣውን በሁለት ጣቷ አንሥታ ገንዳ ውስጥ ጣለችው፤ ዞራ ሳታይ ወለሉን ማጠብ ጀመረች።

ሁለት ሰዓት ያህል ቆይታ ወደ ክፍሉ ስትገባ ባሏ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጧል። ፊቱ አመድ ነው። ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ ብሏል። ከአፉ ጥግ ለሃጭ ወርዶ አገጩ ላይ ተንጠልጥሏል። ልብሷ በቆሻሻ ውሃ እንደራሰ፣ ከነባልዲዋ አጠገቡ ቆመች፤ ምንም አላላትም። ይሄ አስደነገጣት። በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ እንደዚህ ሆና ቀርባው ሳይሰድባት የቀረበት ቀን የለም።

"ምን ሆነሃል?"

"ደከመኝ" አለ። ድምፁ ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስላል።

ምክንያቱ ወዲያው ታያት። መድኃኒቱን ተፍቶታል! ልቡ መድኃኒት አጥቶ ነው፤ ሲስተርስ ከተቋረጠ እንደ ፈረስ ይነሣል አላለችም? ወደ ማዕድ ቤት ሮጠች። ሌላ ኪኒን አወጣች፣ በሁለት ማንኪያ መሃል አደቀቀች፣ ማር ጠብ አደረገች፣ ይዛ ተመለሰች።

"ክፈት አፍህን።"

ከፈተ። እምቢ አላለም። ማንኪያውን ከንፈሩ ጋ አድርሳ ቆመች። ለማካካስ ብለሽ ሁለት አትስጪ። እሱም የሲስተር ቃል ነው። ከሃምሳ አምስት በታች ከሆነ አትስጪ። እሱም የሲስተር ነው። ብትሰጠውና ልቡ የሚሮጥ ባይሆንስ? ባትሰጠውና የሚሮጥ ቢሆንስ? ይሄንን ሊነግራት የሚችል አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እሱን ደግሞ እስከዛሬ አንድ ቀን እንኳ ቆጥራው አታውቅም።

ማንኪያውን በግራ እጇ ይዛ በቀኟ አንጓውን ጨበጠች። ምንም። አንገቱን ነካች። ምንም። ሰውዬው ዓይኑን ከፍቶ ያያታል፣ በጣቷ ሥር ግን ሞቷል።

ማንኪያውን አልጋው አጠገብ ያለው ሳጥን ላይ አስቀመጠች። የካናቴራውን አንገት ወደታች ስባ ቀደደችው። ደረቱ ነጭ ነው፣ ረግቧል፤ ፀጉሩ በላብ ተጣብቆ የታፈነ ጨርቅ ይሸታል። አሥራ አንድ ዓመት ያልቀረበችው ደረት። ጉሮሮዋ ላይ የመጣውን ዋጠችና ጆሮዋን ለጠፈችበት። እርጥቡ ጉንጯ ላይ ተጣበቀ። የሆዱ ጉርጉርታ መጣ፣ የትንፋሹ ፉጨት መጣ፤ ሁሉም ተራ በተራ አንገሸገሻት። ከዚያ ከሥር፣ ከሩቅ፣ ዱብ።

ዝም።

ዱብ።

የግድግዳው ሰዓት ከፊቷ ነበር። ዓሣ ወደ ሣጥን ስትቆጥር እንደምታደርገው ቆጠረች፣ ከንፈሯን ሳትከፍት። የሰከንዱ ቀይ ዘንግ ዞሮ ሲመለስ ሠላሳ ስምንት ነበር። ሠላሳ ስምንት? ተሳስታለች ብላ እንደገና ጀመረች። ሠላሳ ሰባት። የሚሮጥ ልብ አይደለም፤ የቆመ ለማለት ጥቂት የቀረው ነው።

ማንኪያውን እንዳለ ትታ ባሏን ደግፋ ወደ መንገድ ወጣች። የታክሲው ሹፌር መጀመሪያ እሷን፣ ቀጥሎ ባሏን፣ ቀጥሎ ወንበሩን አየ።

"ያስታውከዋል እንዴ?"

"ያስታውከው! ንዳ!"

ሲስተር ገና ጤና ጣቢያው በር ላይ ስታያቸው ባለ ጎማ ወንበር እየገፋች መጣች። ደረቱ ላይ ሽቦ ለጠፉ፣ ክንዱ ላይ መርፌ ሰኩ፣ ሐኪሙም ከውስጥ ሮጦ መጣ። የሚረባረቡ እጆች ረገብ ሲሉ ሲስተር ወደ ቱፌ ዞረች።

"ቤት ስንት ነበር?"

"ሠላሳ ስምንት። ደግሜ ሳየው ሠላሳ ሰባት።"

"ኪኒኑን ሰጠሻቸው?"

"ጠዋት ሰጠሁት፣ ተፋው። ሁለተኛውን አልሰጠሁትም።"

"እንዴት ተፉት? ኪኒን አይደል?"

"ጨፍልቄ በማር ነው የምሰጠው" አለች ቱፌ። "ያቅለሸልሸዋል። ማሩን ነው የተፋው መሰለኝ።"

ሲስተር ዓይኗን ጨፈነች። "ከመቼ ጀምሮ?"

"ዘጠኝ ቀኔ ነው።"

"እናቴ፣ ይቺ ኪኒን ቀኑን ሙሉ ቀስ እያለች እንድትሟሟ ነው የተሠራችው። ስትጨፈልቂያት የጠዋቱንም የቀኑንም የማታውንም በአንድ ማንኪያ አጎረስሻቸው ማለት ነው። በየቀኑ! ለመሆኑ ትርታቸው ሲወርድ አላየሽም? ወረቀቱ የታለ?"

ወረቀቱ ከቀሚሷ ኪስ ውስጥ ነበር፤ ሐኪም ቤት ሲባል መያዝ ልማዷ ነው። አወጣችው። ሲስተር ዘረጋችው። ሰባ ሁለት፣ ሰባ ሁለት፣ ሰባ ሁለት። ሃያ ሦስት ካሬ። ሲስተር በጣቷ ከላይ እስከ ታች ወረደች፤ ፊቷ ላይ የነበረው ነገር ቀስ ብሎ ተለወጠ። ቱፌ ያንን ፊት ታውቀዋለች። የአንጀት ጋሪውን የሚያይ ሰው ፊት ነው።

"እንዲህ ያለ ልብ የለም" አለች ሲስተር። "ግድግዳ ላይ ያለ ሰዓት እንኳ እንዲህ አይመታም።"

ቱፌ እጆቿን አየቻቸው። ነጭ፣ ጠባሳ በጠባሳ፣ ጥፍሮቿ ሥር መቼም የማይለቅ ጥቁር ነገር። ከዚያ ዘረጋቻቸው።

"አይሰማኝም" አለች።

"ምኑ?"

"ጣቴ። በረዶው ገድሎታል። የመጀመሪያው ቀንም አልተሰማኝም። አንቺ ሰባ ሁለት ስትይ ሰባ ሁለት አልኩ። ዛሬ የቆጠርኩት በጆሮዬ ነው።"

ሲስተር ከኪሷ እስክሪብቶ አውጥታ የቱፌን አመልካች ጣት ጫፍ ወጋ አደረገች። "ይሄ?" አይሰማም። "ይሄስ?" አይሰማም። ቀለሙ ብቻ ታየ።

"ምን ነበረበት ያኔ ብትነግሪኝ? ሌላ መላ እናበጅ ነበር እኮ! ሰው በጆሮውም ይቆጥራል፣ ጎረቤትም ይቆጥራል። እኔ ደግሞ በሌላ እጃቸው እየቆጠርኩ ቁጥሩን አስቀድሜ ነገርኩሽ፤ እኔም አጥፍቻለሁ" አለች። ተቆጥታ ነው የተናገረችው፤ መጨረሻው ላይ ግን ቁጣው ወዴት እንደሚሄድ የጠፋው ይመስል ነበር።

ቱፌ ዓሣ ስትጸየፍ ኖራለች፣ ባሏን ስትጸየፍ ኖራለች። እንደዚያች ወረቀት ያስጠላት ነገር ግን አልነበረም። ንጹሕ ወረቀት ነው፣ ቅርፊት የለበት፣ አይሸት። በእጇ የጻፈችው ነው።

ባሏ አራት ቀን ተኛ። በሦስተኛው ቀን ቀለሙ ሲመለስ ስድቡም ተመለሰ። "ከእንግዲህ ያንን ኪኒን በዓይኔም አላየው" አለ።

"ያዩታል፣ ይውጡታልም" አለው ሐኪሙ። "ልብዎ ያለ እሱ ይጋልባል። የጎዳዎት ኪኒኑ ሳይሆን አወሳሰዱ ነው። ከትንሿ እንጀምራለን፤ ቀስ ብለን እንወጣለን። የማይዋጥልዎት ከሆነ ለእኛ ይነግሩናል፣ ለመዋጥ የሚመች እንፈልጋለን። ቤት ውስጥ ፋብሪካ አይከፈትም።"

"እሷ ናት የፈጨችው።"

"አንተ ነህ ያንቋረርከው!" አለች ቱፌ ከበሩ ሥር።

ሲስተር ሳትፈትናት አላስወጣቻትም። ሲስተር በማዳመጫዋ፣ ቱፌ በጆሮዋ፣ ሁለቱም ከአንድ ደረት ላይ ቆጠሩ። በዚህ ጊዜ ቀድማ እንድትናገር የተደረገችው ቱፌ ናት።

"ስድሳ ሦስት።"

"ስድሳ አንድ ነው ያገኘሁት። ሁለቱን ከየት አመጣሽው?"

"ሁለቴ ዋጥ አደረገ። ጉሮሮው ይንቋቋል፣ አስጠሊታ ነው።"

"እኔን እዚህ ላይ አስቀምጣችሁ ነው የምትዘባበቱብኝ?" አለ ባልየው።

"ዝም ይበሉ አባባ። ድገሚው እናቴ።"

ደገመችው። ስድሳ አንድ። ሦስተኛ አስደገመቻት። ስድሳ።

አሁን ቱፌ ጠዋት ጠዋት ቀድማ ትነሣለች። እሱ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል፤ እሷ ትንፋሿን ዋጥ አድርጋ ጆሮዋን ትለጥፋለች። ፍቅር የሚሉት ነገር አልተመለሰም። ይቀፋታል፣ እሱንም ይቀፈዋል፤ ስትነሣ ጆሮዋን በሳሙና ታጥባለች፣ እሱም ደረቱን በፎጣ ይፈገፍጋል። ግን አንድ ደቂቃ ሙሉ ሁለቱም አይናገሩም። ወረቀቱ ላይ ስድሳ ሁለት አለ፣ ሃምሳ ዘጠኝ አለ፣ ስድሳ አምስት አለ። አንድ ቀን ሃምሳ ሦስት ሆነና ኪኒኑን ሳትሰጠው ሥራዋን ጥላ ይዛው ሄደች። አለቃው ሲጮኽባት "ቁጠርልኝና ከሥራ አልቀርም" አለችው፣ አልገባውም።

ኪኒኗ ትንሽ ናት፣ ሙሉዋን ነው የምትዋጠው። ቱፌ በብልቃጡ ክዳን ላይ አድርጋ ታቀርብለታለች፣ በእጇ አትነካውም። ውሃ ታስከትላለች። ማንቁርቱ ወጥቶ ሲገባ ታያለች። በዚህም አያበቃም።

"ክፈት።"

"ዋጥኩ አልኩሽ እኮ!"

"ምላስህን አንሣ።"

አፉን ይከፍታል። የቡና ቀለም የያዙ ጥርሶች፣ ነጭ ሽፋን ያለው ምላስ፣ ያደረ ትንፋሽ። ቱፌ ጎንበስ ብላ ከምላሱ ሥር፣ ከጉንጩ በቀኝ፣ ከጉንጩ በግራ በደንብ ታያለች። ምንም የለም፤ ወርዷል።

"ዝጋው በቃ" ትለዋለች።